ባለቤቱ ያልተጠየቀበት አፈር

ኑ፣ ጠጋ ብላችሁ አድምጡኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ ከአህጉራችን ምዕራባዊ ጫፍ፣ በረሃው ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጋር ከሚገናኝበት ዳርቻ ስላለ ሕዝብ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ፤ የጉዳዩ መዝገብ የተያዘው በዚያ ነውና።

ምዕራባዊ ሰሃራ በሚባለው በዚያ በረሃ ውስጥ ቡ ክራ የሚባል ስፍራ አለ። ከላይ ሲያዩት አሸዋና ጠጠር ነው። ሲቆፈር ግን ፎስፌት ይወጣል። ገበሬ በኩንታል ገዝቶ ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ አንዱ ዋና ጥሬ ዕቃ ይኸው ነው። ሰብል ያለ ፎስፈረስ አያድግም፤ በሌላ ነገርም አይተካም። ታዲያ ይህ አፈር ወደ ባሕሩ የሚወርደው በመኪናም በባቡርም አይደለም። አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የጎማ ማጓጓዣ ቀበቶ ተዘርግቶለታል፤ በዓለም ላይ ከተሠሩት ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው ይባልለታል። ቀበቶው አፈሩን ተሸክሞ በብረት ጥቅሎች ላይ እየተንሸራተተ፣ ኤል አዩን ከተማ አጠገብ እስካለው ወደብ ያደርሰዋል። ነፋስ ሲነሳ ብናኙን ከላዩ እየገፈፈ በአንድ ወገን ይደፋዋል፤ ከሰማይ በተነሳ ፎቶግራፍ ላይ በረሃውን ሰንጥቆ የሚሄድ ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል።

የዚህ አፈር ባለቤት ማን ነው? ባለቤቱስ ተጠይቆ ያውቃል? የዛሬው ትረካ ሁሉ ከነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አይወጣም።

የምዕራባዊ ሰሃራ ሰዎች፣ ሰሃራውያን፣ ሐሳኒያ የሚባለውን አረብኛ የሚናገሩ፣ ግመልና ፍየል አርቢዎች ነበሩ። ዝናብ የጣለበትን እየተከተሉ ስለሚዘዋወሩ የደመና ልጆች ተብለዋል። አውሮፓውያን አፍሪካን ሊቀራመቱ በርሊን ላይ በተሰበሰቡበት በ1884 ስፔን ዳርቻው የእኔ ነው ብላ አወጀች። ለብዙ ዓመታት ከጥቂት ምሽግና ከዓሣ ማስገሪያ በቀር እምብዛም አልገፋችበትም። በ1947 ግን የስፔን የሥነ ምድር ባለሙያዎች ፎስፌቱን አገኙት።

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ቀኖቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በ1960 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ቅኝ የተገዙ ሕዝቦች ሁሉ ነጻ ይውጡ አለ። በ1962 ደግሞ ሕዝቦች በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ ቋሚ ሉዓላዊነት አላቸው ብሎ ወሰነ። በ1963 ምዕራባዊ ሰሃራን ራሳቸውን ገና ማስተዳደር ካልጀመሩ ግዛቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባት። እስከ ዛሬም ከዚያ ዝርዝር አልወጣችም። እንግዲህ ቀበቶው በ1970ዎቹ መጀመሪያ አፈሩን ወደ መርከብ ማድረስ ሲጀምር ሕጉ ተጽፎ አልቆ ነበር። አላወቅንም ማለት የሚችል አንድም መንግሥት የለም።

በ1970 ሰሃራውያን ኤል አዩን ውስጥ ዘምላ በተባለው ሰፈር በሰላም ተሰብስበው አቤት አሉ። የስፔን ወታደሮች ተኮሱባቸው። መሪያቸው ባሲሪ ተይዞ ታሰረ፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። በ1973 ወጣቶቹ ፖሊሳሪዮ ግንባርን መሥርተው ጠመንጃ አነሱ። ስፔንም ነገሩ ሲከብዳት በ1974 ሕዝበ ውሳኔ አደርጋለሁ ብላ ሕዝቡን ቆጠረች፤ 74 ሺሕ ገደማ ሰው ሆነ።

በሰሜን የሞሮኮው ንጉሥ ዳግማዊ ሐሰን ግዛቱ ከጥንት የእኔ ነው አሉ፤ በደቡብ ሞሪታንያም ድርሻ አለኝ አለች። ክርክሩ ዘ ሄግ ወደሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ሄደ። ኦክቶበር 16 ቀን 1975 ዳኞቹ አስተያየታቸውን ሰጡ። ስፔን ስትመጣ መሬቱ ባለቤት አልባ አልነበረም፤ የራሱ ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ይኖርበት ነበር አሉ። አንዳንድ ጎሳዎች ለሞሮኮ ሱልጣን ታማኝነት ነበራቸው አሉ። ነገር ግን ይህ ዝምድና የግዛት ሉዓላዊነት አይደለም፤ ሕዝቡ በነጻ ፈቃዱ ዕድሉን ከመወሰን የሚያግድ ነገር አላገኘንም ብለው ደመደሙ።

ንጉሡ ከዚህ ሁሉ አንዷን ዐረፍተ ነገር፣ የታማኝነቷን፣ ብቻ አንስተው በዚያው ዕለት ፍርድ ቤቱ መሰከረልን ሲሉ ለሕዝባቸው አበሠሩ። ኖቬምበር 6 ቀን 350 ሺሕ ሞሮኳውያን ቁርኣንና ሰንደቅ ዓላማ ይዘው ድንበሩን ተሻገሩ፤ አረንጓዴው ሰልፍ የሚባለው ይህ ነው። ለሰልፈኞቹ ክፉ ቃል የለኝም። አብዛኞቹ ድሆች ነበሩ፤ አገራችሁን አስመልሱ ተብለው በእምነት የተነሡ ሰዎች ናቸው። የፀጥታው ምክር ቤት በዚያው ዕለት ሰልፉን ነቅፎ ወጥተው ይመለሱ አለ። ሰልፈኛው ሳይውል ሳያድር ተመለሰ። ጦሩ ግን ቀድሞ በሌላ አቅጣጫ ገብቶ ነበር፤ እሱ አልተመለሰም።

ማድሪድ ላይ የስፔኑ ገዢ ጄኔራል ፍራንኮ አልጋ ላይ ወድቀው ያጣጥራሉ። ኖቬምበር 14 ቀን ስፔን፣ ሞሮኮና ሞሪታንያ ግዛቱን የሚያሻግር ስምምነት ተፈራረሙ። ከሰሃራውያን አንድም ሰው በውሉ ላይ አልፈረመም። ስፔን ግን ስትወጣ ከቡ ክራ ማዕድን 35 በመቶ ድርሻ ይዛ ቀረች። ሰዎቹን ለሌላ አሳልፋ የሰጠች አገር የአፈሩን ድርሻ አልለቀቀችም። በእኛ አገር ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እዚያ የሆነው ይኸው ነው።

ቀጥሎ ሽሽት ሆነ። ሴቶች ሕፃናቶቻቸውን አዝለው በእግር፣ በግመል፣ በተገኘው መኪና ወደ ምሥራቅ ነጎዱ። በ1976 መጀመሪያ ኡም ድሬጋ በተባለ ስፍራ ተጠልለው ሳለ አውሮፕላኖች ናፓልም ጣሉባቸው። የተረፉት በአልጄሪያ ግዛት ቲንዱፍ አጠገብ፣ ሐማዳ በሚሉት ድንጋያማ በረሃ ላይ ድንኳን ተከሉ። ወንዱ ወደ ጦር ሜዳ ሄዷል፤ ስለዚህ ሠፈሩን የቆረቆሩት፣ ቀለብ ያከፋፈሉት፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያቋቋሙት ሴቶች ናቸው። የሠፈሮቹንም ስም ጥለዋቸው በመጡት ከተሞች ሰየሙ፤ ኤል አዩን፣ ስማራ፣ ዳክላ፣ አውሰርድ። ዛሬም ከ170 ሺሕ የማያንስ ሰው እዚያው ነው፤ በአብዛኛው በእርዳታ ስንዴና ምስር ይኖራል። ቤቱ የጭቃ ጡብ ነው፤ በ2015 ያልተጠበቀ ዶፍ ወርዶ በሺሕ የሚቆጠሩትን አፈራረሳቸው። እንግዳ ሲመጣ ሻይ ይፈላል። እንደ እኛ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ጊዜ ይቀዳል፤ ሦስተኛውን ሳይጠጡ መነሣት ነውር ነው።

በረሃው ላይ ጦርነቱ 16 ዓመት ዘለቀ። ሞሪታንያ በ1979 በቃኝ ብላ ወጣች፤ ሞሮኮ የእሷንም ድርሻ ያዘች። ከ1980 ጀምሮ ደግሞ የአሸዋና የድንጋይ ግንብ መገንባት ተያያዘች፤ ሲጠናቀቅ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። በዙሪያው የተቀበረው ፈንጂ እስከ ዛሬ የእረኛ እግር ይቆርጣል። እኔን የሚቆጨኝ የግንቡ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ የታጠረው የትኛው መሬት እንደሆነ ተመልከቱ። ኤል አዩን፣ ስማራና ቡ ክራ ያሉበት ማዕዘን ነው። ማዕድኑና ዳርቻው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ስደተኛው ወደ ውጭ ቀረ።

አሁን ነገሩ ወደ እኛ ደጅ ይመጣል። ኢትዮጵያ ፖሊሳሪዮ ያወጃትን ሰሃራዊት ሪፐብሊክን በ1979 እውቅና ሰጠቻት። በፌብሯሪ 1982 አዲስ አበባ ላይ በተደረገ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ስብሰባ ሪፐብሊኳ ወንበር አገኘች፤ ብዙ አገሮች ተቆጥተው አዳራሹን ጥለው ወጡ፤ ድርጅቱ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። በኖቬምበር 1984 እዚሁ አዲስ አበባ የመሪዎች ጉባኤ ሲከፈት የሰሃራዊት ልዑካን ተቀመጡ፤ ሞሮኮ ተነሥታ ወጣች። 33 ዓመት አልተመለሰችም።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁና ወደ ጉዳዬ እመለሳለሁ። ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና በ1960 ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ ዘ ሄግ ከስሳ ነበር። ስድስት ዓመት ከተሟገቱ በኋላ ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉ፤ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ከሳሾቹ በጉዳዩ መብት የላቸውም ተብሎ ተዘጋ። የአፍሪካ ሕዝብ በፍርድ ቤቱ ተስፋ ቆረጠ። በ1971 ያው ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያን የያዘችው ከሕግ ውጪ ነው አለ፤ በ1990 ናሚቢያ ነጻ ወጣች። የሰሃራውያን ጠበቆች ደጋግመው ፍርድ ቤት የሚመላለሱት በከንቱ አይደለም የምለው ይህን ይዤ ነው።

ወደ በረሃው እንመለስ። ሴፕቴምበር 6 ቀን 1991 ተኩስ ቆመ። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ልኮ በጃንዋሪ 1992 ሕዝበ ውሳኔ ይካሄዳል አለ። ሕዝቡ ነጻነት ወይስ ከሞሮኮ ጋር መሆን የሚለውን በካርድ ሊመልስ ነው። ማን ድምፅ ይስጥ በሚለው ላይ ግን ጠቡ ተነሣ። አዛውንቶች እየተጠሩ የማን ልጅ ነህ፣ ከየትኛው ጎሳ ነህ፣ ጉድጓዳችሁ የት ነበር እየተባሉ በየጠረጴዛው ፊት ቆሙ። ማጣራቱ ዓመታት ፈጅቶ 86 ሺሕ ገደማ ሰው ብቁ ነው ሲባል ከ130 ሺሕ በላይ ይግባኝ ጎረፈ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ደረቀ። የቀድሞው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር ሰባት ዓመት ሸምግለው በ2004 ተዉት። ሞሮኮ በ2007 በእኔ ሉዓላዊነት ሥር ራስ ገዝ ትሁኑ የሚል ዕቅድ አቀረበች። ከተማ ሠርቻለሁ፣ መንገድና ወደብ ገንብቻለሁ ትላለች፤ መሥራቷንስ ሠርታለች። የሰው ቤት ቀለም መቀባት ግን ርስት አያደርግም።

በሀብቱ ላይ ሕግ ምን ይላል? በ2001 ሞሮኮ ከአንድ የፈረንሳይና ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በዚያ ባሕር ነዳጅ የማሰስ ውል ፈረመች። የፀጥታው ምክር ቤት የተባበሩት መንግሥታትን የሕግ ኃላፊ ሐንስ ኮሬልን ጠየቀ። ኮሬል በጃንዋሪ 2002 መለሱ፦ የማሰስ ውሉ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ነገር ግን ሥራው የምዕራባዊ ሰሃራን ሕዝብ ጥቅምና ፍላጎት ችላ ብሎ ከቀጠለ ዓለም አቀፍ ሕግ ይጣሳል። ጥቅም ብቻ አላሉም፤ ፍላጎትም አሉ። ቀጣሪው ደመወዝ ከፈልኩ ቢል አይበቃም ማለት ነው። ሆኖም ቀበቶው አልቆመም፤ አጥማጅ መርከቦችም ኦክቶፐሱንና ሰርዲኑን መዛቃቸውን አልተዉም።

እንግዲህ አንድ ቀን በሕግ አምላክ የሚል ድምፅ መርከብ አስቆመ። ሜይ 1 ቀን 2017 ነው። ቼሪ ብሎሰም የምትባል የጭነት መርከብ ከኤል አዩን ወደብ ከ50 ሺሕ ቶን በላይ ፎስፌት ጭና ወደ ኒውዚላንድ ትጓዛለች። ነዳጅ ልትሞላ ደቡብ አፍሪካ ፖርት ኤልዛቤት ጎራ አለች። ሰሃራውያኑ ማመልከቻቸውን ይዘው ጠብቀዋት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ አትንቀሳቀሺ አላት። በጁን ወር ጉዳዩ በሙሉ ክርክር መታየት አለበት ተባለ። የሞሮኮው የፎስፌት ድርጅት ይህ ፖለቲካ ነው፣ የዚህ ችሎት ሥልጣን አይደለም ብሎ ከሙግቱ ወጣ። በፌብሯሪ 2018 ፍርድ ቤቱ የጭነቱ ባለቤት ሰሃራዊት ሪፐብሊክ ናት ብሎ ፈረደ። ደጋግሜ የማስባት ፍርድ ናት፤ ከዚያ አፈር ላይ አንድ ጭነት እንኳ የእናንተ ነው ሲባሉ ይኸው ነው። ታዲያ ገበያ ላይ ሲወጣ ደፍሮ የሚገዛው ጠፋ። መርከቧ ዓመት ሙሉ ተገትራ ከቆየች በኋላ ባለ መርከቡ ለስሙ ያህል ዋጋ ከፍሎ ጭነቱን ይዞ ሄደ። ሰሃራውያን ፍርዱን እንጂ ገንዘቡን አላገኙም። ቢሆንም ከዚያ በኋላ ፎስፌቱን የጫኑ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ በኩል ማለፍ ፈሩ።

ሁለተኛው ትልቅ ሙግት አውሮፓ ነው። ሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2016 ምዕራባዊ ሰሃራ ከሞሮኮ የተለየች ግዛት ናት፣ ያለ ሕዝቡ ፈቃድ የሞሮኮ የንግድ ስምምነት በእሷ ላይ አይሠራም አለ። ኅብረቱ ፈቃዱን ሊጠይቅ ሲገባ ውሉን አሻሽሎ ግዛቷን በግልጽ ጨመረ፤ የአካባቢውን ነዋሪዎችና ማኅበራት አማክሬያለሁ አለ። ፖሊሳሪዮ እንደገና ከሰሰ። ኦክቶበር 4 ቀን 2024 የመጨረሻው ፍርድ መጣ፦ አሁን እዚያ የሚኖረው ሁሉ የግድ መብቱ ያለው ሕዝብ አይደለም፤ ከዚያ ሕዝብ ብዙው ተሰድዶ በውጭ ይኖራል፤ የተማከረው እሱ አይደለም፤ ምክክርም ፈቃድ አይሆንም። ፍርድ ቤቱ አንድ በር ብቻ ተወ፤ ለሕዝቡ ተጨባጭ፣ ከፍ ያለና ሊረጋገጥ የሚችል ጥቅም የሚያስገኝ ውል ከሆነ ፈቃዱ እንዳለ ሊገመት ይችላል አለ። እኔ በዚህች በር ሰው እንዳይሾልክ እሰጋለሁ። በዚያው ዕለት በሌላ መዝገብ፣ በዳክላ አካባቢ የሚበቅለው ሜሎንና ቲማቲም አውሮፓ ሱቅ ላይ ሲቀርብ መለያው ምዕራባዊ ሰሃራ ማለት እንዳለበት ወሰነ።

በመለያ ላይ ስም መጻፍ ቀላል ነገር ይመስላል። አሚናቱ ሐይዳር ግን የምትከፍለውን ከፍላበታለች። ይህች የሰብዓዊ መብት ተሟጋች በኖቬምበር 2009 ከጉዞ ተመልሳ ኤል አዩን አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ በመግቢያ ቅጹ ላይ አድራሻዋን ምዕራባዊ ሰሃራ ብላ ሞላች። ፓስፖርቷን ወስደው ወደ ስፔን ደሴት ወደ ላንዛሮቴ መለሷት። እዚያው አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ላይ 32 ቀን ከምግብ ታቅባ፣ ሰውነቷ አልቆ፣ በመጨረሻ ወደ ቤቷ ገባች። የመብቱን ጉዳይ የሚከታተል የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሰላም አስከባሪው ሰብዓዊ መብት የመከታተል ሥልጣን የለውም። በ2013 አሜሪካ ይጨመርለት ስትል ሞሮኮ የጋራ ወታደራዊ ልምምዱን ሰረዘች፤ ሐሳቡም ተተወ። በሌላውም ወገን ያለውን አልሸሽግም። ፖሊሳሪዮ የማረካቸውን የሞሮኮ ወታደሮች ተኩስ ከቆመ በኋላ እንኳ ዓመታት አስሮ አቆየ፤ የመጨረሻዎቹ 404 ሰዎች የተፈቱት በኦገስት 2005 ነው፤ አንዳንዶቹ ወጣትነታቸውን እዚያው ጨርሰዋል። የምርኮኛም መብት መብት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ዘመኑ ተለወጠ። በኖቬምበር 2016 ንጉሥ መሐመድ 6ኛ መጥተው በድሬዳዋ የማዳበሪያ ፋብሪካ ለመሥራት የ3.7 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈረመ። በጃንዋሪ 2017 ሞሮኮ ወደ አፍሪካ ኅብረት ተመለሰች፤ ሰሃራዊት ሪፐብሊክ ግን ከወንበሯ አልተነሣችም። የእኛ ገበሬ ማዳበሪያ ያስፈልገዋል፤ እሱን ማንም አይክደውም። ግን ማዳበሪያ ገዢ አገር ሁሉ አፈሩ ከየትኛው ጉድጓድ ወጣ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ደግሞም ቡ ክራ ሞሮኮ ከምታወጣው ፎስፌት ጥቂቷ ናት፤ ብትተዋት ገበሬ አይራብም።

በኖቬምበር 2020 ገርገራት በተባለ መሸጋገሪያ ግጭት ተነሥቶ ተኩስ አቁሙ ፈረሰ። በዲሴምበር የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግዛቱ የሞሮኮ ነው ብለው አወጁ። በኦክቶበር 2025 አውሮፓ ኅብረት ከሞሮኮ ጋር ሌላ የተሻሻለ ውል ተፈራረመ። ኦክቶበር 31 ቀን ደግሞ የፀጥታው ምክር ቤት የሞሮኮን የራስ ገዝ ዕቅድ የድርድሩ መነሻ የሚያደርግ ውሳኔ በ11 ድምፅ አሳለፈ። ሩሲያ፣ ቻይናና ፓኪስታን ድምፀ ተዐቅቦ አደረጉ፤ አልጄሪያ ድምፅ ሳትሰጥ ቀረች። በዚያው ውሳኔ ውስጥ የሕዝቡ ዕድሉን በራሱ የመወሰን መብት ተጠቅሷል። ከ1991 ጀምሮ በኤል አዩን የተቀመጠው፣ በስሙ ሕዝበ ውሳኔ የሚል ቃል የያዘው የተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ለተጨማሪ አንድ ዓመት ተራዘመለት። የሕዝበ ውሳኔው ቀን ግን አልተቆረጠም።